እትዬ ጽጌ ያላዩት ባሕር

«ቶሌ፣ አክስቴ አረፈች» አለችኝ የእትዬ ጽጌ የወንድም ልጅ ሰብለ በስልክ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዊንጌት፣ ዊንጌት» እያለ ይጮኻል። እንደ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «ብረት አልጋው ላይ ናቸው?» የሚል ጥያቄ ነበር። «የት ልትሆን ኖሯል ታዲያ?» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አልፈረድኩባትም። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ እመጣለሁ ብያቸው ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጆሮዬ ላይ የቀረው የሰብለ ድምፅ አልነበረም። ቀለበት የአልጋ ብረት ሲመታ ነው የሰማሁት፤ ጠቅ ጠቅ፣ ሁለት ጊዜ።

እትዬ ጽጌን ያወቅኳቸው ተከራያቸው ሆኜ ነው። ቤታቸው ከዊንጌት ጀርባ ዳገቱን ሲወጡ ይገኛል። ግቢው ጠባብ ነው፤ የዋናው ክፍል መስኮት የሚያየው በክንድ ርቀት ላይ የቆመውን የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ሁለቱን ክፍል እሳቸውና ባላቸው ይኖሩበታል፤ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ለእኔ አከራዩኝ። በገባሁበት ቀን ደንቡን ነገሩኝ፤ «በር በቀስታ ትዘጋለህ፣ ሙዚቃ አታስጮህም፣ ባሌን ሰላም ሳትል አታልፍም።» ረጅም፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ደግነታቸውን እንኳ የሚሰጡት እንደ ቁጣ ነው። ምሳ ሲጋብዙኝ «ና ብላ፣ ምን ይገትርሃል?» ይሉኛል።

ባላቸው ጋሽ ተፈራ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባሕረኛ ነበሩ። ባሕሩም ባሕር ኃይሉም ከቀረ በኋላ የመጋዘን ዘበኛ ሆነው ጡረታ ወጡ። አንደበት በነበራቸው ጊዜ ስለ ባሕር አንድ ቃል አይተነፍሱም ነበር አሉ። እትዬ ጽጌ እስቲ አጫውተኝ ሲሏቸው «ምኑ ይወራል? ውሃ ነው» ብለው ይዘጓቸዋል። በኋላ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ከነምላሳቸው ቀረ። የተረፋቸው ዓይናቸውና ግራ እጃቸው ነው፤ በግራ እጃቸው ጣት ላይ ደግሞ የጋብቻ ቀለበታቸው። የአልጋውን ብረት በቀለበቱ አንዴ ከመቱ «አዎ»፣ ሁለቴ ከመቱ «አይደለም» ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጡት እትዬ ጽጌ ናቸው።

«አንድ ሰው ታሞ ሁለት ሰው ተኛ» ይላል ሰፈሩ። እውነታቸውን ነው። ጋሽ ተፈራ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ጀርባቸው ይቆስላል፤ ስለዚህ የእትዬ ጽጌ ዓለም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሄደው የሚመለሱበት ቦታ ሁሉ ነበር። ሱቅ ይደርሳሉ፣ ወፍጮ ቤት ይደርሳሉ፣ በቃ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ናፍቋቸው፣ የግቢውን በር ከፍተው ወደ እንጦጦ ዞረው ተሳልመው ይመለሳሉ። ሰብለ እንደነገረችኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህም አልነበሩም። ባላቸውን ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ያገላብጣሉ፤ ከዚያ ጀርባቸውን ለአልጋው ሰጥተው በር ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓቱ እስኪሞላ ዝም ይላሉ። ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ዝምታውን የሰበረው አንድ የግድግዳ ካሌንደር ነው። የሆነ ነጋዴ በነፃ የሰጠው ሲሆን አንደኛው ወር ላይ የባሕር ፎቶ ነበረበት። ወሩ አልቆ እትዬ ጽጌ ገጹን ሲገለብጡ ጋሽ ተፈራ ብረቱን ይደበድቡት ጀመር። ገጹን መለሱላቸው። የጋሽ ተፈራ እንባ ወረደ። «ይኼ ነው ባሕር?» አሏቸው። ጠቅ ጠቅ። «አይደለም? ታዲያ ባሕር ምን ይመስላል?» ለዚህ ደግሞ አንድም ሁለትም መልስ አይሆንም። እትዬ ጽጌ የሰብለን የትምህርት ቤት ቀለም ያነሱት ያን ቀን ነው። ባሕር በዓይናቸው ዓይተው አያውቁም። ሐይቅ እንኳ አላዩም።

ሥዕል ማንም አላስተማራቸውም፤ ደብተር መሥራት ግን ያውቁበታል። አባታቸው እንጦጦ ላይ የብራና መጽሐፍ ይደጉሱ ነበር፤ እሳቸውም ከአባታቸው ጉልበት ሥር ተቀምጠው ክር በሰም እያሹ ነው ያደጉት። እኔ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ስለነበርኩ የሚጣለውን ወፍራም ቁርጥራጭ አመጣላቸዋለሁ። ያጥፉታል፣ በወስፌ ይበሱታል፣ ከዚያ አንድ ክር ሁለት ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ አስገብተው እያቆላለፉ ይሰፉታል። ለሽፋኑ የጋሽ ተፈራን አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ቀደው ካርቶን አለበሱበት። «ተከፍቶ ካልተኛ መጽሐፍ አይደለም፣ ይል ነበር አባቴ» እያሉ በመዳፋቸው ይጫኑታል። ሞገዱ ከግራው ገጽ ተነስቶ ወደ ቀኙ ሲሻገር መሐል ላይ መሰበር የለበትማ። ደብተሩን «ድርሳነ ተፈራ» ብለው ሰየሙት፤ አንዱ ሲሞላ ሌላ ይሰፋሉ፣ ስሙ ግን ያው ነው። የነፍስ አባታቸው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ትንሽ ጠቆር አለ፤ እትዬ ጽጌ ግን ግድም አልነበራቸው።

የተማሪ ቀለሙ ሲያልቅ ነጭ ልብስ የሚነከርበትን ሰማያዊ ዱቄት በጥብጠው ይደፉበታል። ለአሸዋው የቡና አተላ፣ ለጥልቁ የተፈጨ ከሰል። አረፋው ሶፍት ነው፤ በዱቄት ሙጫ እየነከሩ ይለጥፉታል፣ ሲደርቅ በጣት ይሻክራል። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድመው በሻማ ይፈትጉታል፤ ቀለም ሲፈስበት ሻማው አልቀበልም ይልና ነጭ ሆኖ ይቀራል። እርጥቡ ላይ ጨው ይበትናሉ። «ባሕር ጨው አለው አይደል? ቢያንስ በዚህ አይዋሽም» ይላሉ። እስከ ክንዳቸው ሰማያዊ ሆነው ሱቅ ሲሄዱ ጎረቤት «እትዬ ጽጌ፣ ዛሬም ልብስ አጠባ?» ይላቸዋል። የሚሥሉት ባሕር እንደ ካሌንደሩ የተኛ አልነበረም። ይንተከተካል፣ ይገለበጣል፣ ከወረቀቱ ሊወጣ ይታገላል። አንዴ እንዴት እንደዚህ አደረጉት ስላቸው፣ «ዓይቼው የማላውቀውን በልኩ ልሥለው አልችልም፤ በንዴቴ ልክ ግን እችላለሁ» አሉኝ።

ሥዕሉ ሲደርቅ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ከፍተው ባላቸው ዓይን ፊት ያቆሙታል። «ይኼስ?» ጠቅ ጠቅ። ሁልጊዜ ጠቅ ጠቅ ነው። ከዚያ ምርመራው ይጀመራል።

«ቀለሙ ነው ያልሆነው?» ጠቅ ጠቅ።

«ሞገዱ?» ጠቅ።

«ሞገዱ ምን ሆነ? አነሰ?» ጠቅ ጠቅ። «በዛ?» ጠቅ ጠቅ።

«አላነሰ፣ አልበዛ! ምን ይሁን ነው የምትለኝ አንተ ሰውዬ? እንደዚህ ቆርቆሮ ነው?» በመስኮቱ ወደ ጎረቤት አጥር ይጠቁማሉ። ጠቅ ጠቅ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ቶሌ፣ ታዘብክልኝ? አፍ እያለው ‹ውሃ ነው› ብሎኝ ነበር። አሁን አፉ ሲዘጋ ዓይነቱ በዛበት!» ይላሉ።

እኔ እስቃለሁ። እሳቸው እያጉረመረሙ አዲስ ገጽ ይገልጣሉ፤ ወንበራቸውን ይበልጥ ወደ አልጋው ይጎትታሉ። ሲሥሉ የጋሽ ተፈራ ዓይን ከደብተሩ ይልቅ እሳቸው ፊት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

መሣል ከጀመሩ በስምንተኛው ዓመት ደብረ ብርሃን ያለችው እህታቸው ሞተች። በስምንት ዓመት ውስጥ ከቤት ውጭ የማደር ምክንያት ያገኙት ለቀብር ነው። ሰብለ ይዛቸው ልትሄድ፣ እኔ ደግሞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ጋሽ ተፈራን ልጠብቅ ተስማማን። በር ላይ ቆመው እያለቀሱም ያዝዙኛል፤ «በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለህ። አጥሚቱን ቀስ ብለህ አጉርሰው፣ ትን ይለዋል። ደብተሩን እንዳትነካ።»

ደብተሩን ነካሁት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጋሽ ተፈራን አገላብጬ ስቀመጥ ዓይናቸውን ወደ መደርደሪያው ወስደው ወደ እኔ መለሱት። «ደብተሩን?» አልኩ። ጠቅ። አመጣሁና ከፈትኩላቸው። ለቀልድ የእትዬ ጽጌን ድምፅ አስመስዬ «ይኼስ?» አልኩ። ጠቅ። ሁለተኛዋን ጠበቅኩ፤ አልመጣችም። ገለጥኩ። ጠቅ። እንደገና ገለጥኩ። ጠቅ። መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ደብተሮች ሁሉ አውርጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጥኩላቸው፤ አንድም ገጽ ላይ ሁለት አልመቱም።

«ጋሽ ተፈራ፣ ሁሉም ባሕር ነው?» ጠቅ።

«ከመጀመሪያውም ጀምሮ?» ጠቅ።

ደሜ ፈላ። በሽተኛ መሆናቸውንም፣ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው መሆናቸውንም ረሳሁ። «ታዲያ ለምን አይደለም ይሏቸዋል? ስምንት ዓመት ሙሉ! ይኼ ግፍ አይደለም?»

ጠቅ። አንድ ጊዜ ብቻ። ግፍ ነው አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። በአንድ ወይም በሁለት የሚመለስ ጥያቄ ፈለግኩ። ሰብለ የነገረችኝ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትዝ አሉኝ፤ ጀርባ፣ በር፣ ዝምታ። «አዎ ካሏቸው መሣሉን ትተው በር ላይ ተመልሰው እንዳይቀመጡ ነው?» አልኩ። ዓይናቸው ሞላና ወደ ጆሮአቸው ፈሰሰ። ጠቅ።

«ልንገራቸው?» ጠቅ ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ መቱት።

«ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል» ይላሉ። የሞላ ሆድ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ግን የሚናገር የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት የታሰሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሆንን።

እትዬ ጽጌ በማግስቱ ጥቁር ለብሰው ተመለሱ። ነጠላቸውን ሳያወርዱ ባላቸውን ገልብጠው ጀርባቸውን መረመሩ። «አላቆሰልከውም» አሉኝ። ምስጋናቸው ይኸው ነበር። ለሳምንታት ብሩሽ አልነኩም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰል ፈጩና ሙሉ በሙሉ ጥቁር ባሕር ሣሉ፤ ከሩቅ ብቻ በሻማ የተፈተገ ቀጭን የብርሃን መስመር ነበረበት። ደብተሩን ከፍተው አቆሙት። «ይኼስ ተፌ?» አሉ፤ ድምፃቸው ልመና ነበር።

ጠቅ ጠቅ።

የብሩሹን ውሃ ከነብርጭቆው ግድግዳው ላይ ወረወሩት። «በቃኝ! እህቴን ሳላስታምማት ነው የቀበርኳት! አንዲት ቀን እንኳ አጠገቧ ሳልቀመጥ! ምን ጎደለው? ንገረኝ፣ ምን ጎደለው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ታፈጣለህ? እውነት ጎድሎታል?»

አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ተፈራ ከትራሱ ላይ ያዩኛል። መናገር ነበረብኝ፤ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ነው የማምነው። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ» አልኩ። ፈሪ ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ የተሰበረውን ብርጭቆ ለቀምኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ጋሽ ተፈራ አጥሚቱን አልውጥም አሉ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ወረቀት ሲታጠፍ ሰማሁ። አንገቴን ብቅ ሳደርግ ወንበሩ ወደ አልጋው ተጠግቷል። «እሺ፣ ዛሬ ከደመናው እንጀምር» ይላሉ እትዬ ጽጌ። «ደመና አለው?» ጠቅ። «ዝቅ ያለ?» ጠቅ። የጋሽ ተፈራ ፊት ግማሹ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ያን ዕለት ግን ያ ግማሹ ሲስቅ አየሁት። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ወሩም አለፈ፣ ዓመቱም አለፈ።

ጋሽ ተፈራ ሲሞቱ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እንዴት እንደሆነ የነገሩኝ እትዬ ጽጌ ራሳቸው ናቸው፤ ለቅሶው ሊያበቃ አካባቢ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው።

«ጨርሼ ያዝኩለት። ‹ይኼስ?› አልኩት። ዝም አለ። ጠበቅኩ። እጄ ዛለ፤ ግን አላወረድኩትም። ሁልጊዜ ወዲያው ነበር የሚመታው፣ ታውቃለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበበት አልኩ። ደስ አለኝ፣ ቶሌ። እኔ ሞኝ ደስ ብሎኝ ቆሜያለሁ!»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ያን ጊዜም አልነገርኳቸውም። ድንኳን ውስጥ፣ እድርተኛ ሁሉ ባለበት፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ከዚያ በኋላ ነፃ ሆኑ። ነፃነት እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር። በየሁለት ሰዓቱ ከወንበራቸው ይነሱና መሐል ቤት ይቆማሉ። የጋሽ ተፈራ ቀለበት ስለሰፋቸው ክር ጠመጠሙበትና በጣታቸው አደረጉት፤ መኝታቸውንም ወደ ብረት አልጋው አዛወሩ። ሰብለ በባቡር ጅቡቲ ወስጄ ባሕሩን ላሳይሽ ብላ ብዙ ለመነቻቸው።

«አይቼውስ?» አሏት። «ልክ መሆኑን ማን ይነግረኛል?»

እኔ ትዳር ይዤ ከዚያ ሰፈር ለቀቅኩ። በሁለት ታክሲ ነው የምመጣው፤ በመጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ እንደ ሰዉ ሁሉ ሲመቸኝ። ወረቀት ግን አላቋረጥኩባቸውም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያለፈው እሑድ ነው። እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ ውለዋል፤ ደብተሩ ጉልበታቸው ላይ ተከፍቷል። ሁለቱን ገጽ የሞላ ግራጫ ባሕር ነበር፤ ጨዉ ገና አልደረቀም። አነሱና ወደ እኔ አዞሩት።

«ይኼስ?»

የቤቴን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ የአልጋውን ብረት አንድ ጊዜ መታሁት። ጠቅ።

«አንተ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው እጅህን ሰብስብ።»

የያዝኩት ሁሉ ያኔ አመለጠኝ። ደብረ ብርሃን የሄዱበትን ቀን፣ ደብተሮቹን ሁሉ እንደገለጥኩላቸው፣ ጋሽ ተፈራ ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ እንደመቱ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ እትዬ።»

«ያን አረንጓዴውንም?»

«እሱንም።»

«እሱማ ባሕር አይደለም፤ ጎመን ነው» አሉ። አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ቆርቆሮው አዞሩ። ቀለበቱን በክሩ ላይ ሲያሽከረክሩት አየሁ። «እና ያን ቀን ‹እኔ ምን አውቃለሁ› አልከኝ።»

«አዎ።»

«ደግ አደረግህ አልልህም።»

«አይበሉኝ።»

«ለምን እንደሆነ ጠየቅከው?»

«ባሕሩ ካለቀ በር ላይ ተመልሰው እንዳይቀመጡ ነው።»

«ሞኝ» አሉ። «በር ላይ የምቀመጠው ልሄድ መሰለው? አየር ልቀበል ነበር እኮ። ጥዬው የት እሄዳለሁ?» እንባቸው ደብተሩ ላይ ሲንጠባጠብ በቀሚሳቸው ጫፍ ቶሎ ጠረጉት፤ ግራጫው ትንሽ ተለቀለቀ።

መሽቶ የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ብዬ ተነሳሁ። «በሉ ልሂድ፣ እትዬ። ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩ። በሩን ይዤ ሳለ ከኋላዬ ሰማሁት።

ጠቅ ጠቅ።

ዞር አልኩ። እሳቸው አላዩኝም፤ ደብተሩ ላይ አቀርቅረው አዲስ ገጽ እየገለጡ ነበር። ጃኬቴን አወለቅኩና ወንበሩን ወደ አልጋው ጎትቼ ተቀመጥኩ።

«ውሃው ቆሽሿል» አሉኝ። «ቀይርልኝ።»